ቃል ከጥርስ ሲዘገይ

በዚያ ሰፈር ክብሩን ጠብቆ መኖር የሚፈልግ ሰው ቲቸርን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሴትየዋ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑስ ይሻል ነበር። ችግሩ የሰፈሩን ግማሽ ሰው አፍንጫውን መናፈጥ ሳይችል ጀምሮ የሚያውቁት መሆናቸው ነው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን አጥብቆ አስሮ ከትልልቅ ደንበኞች ጋር ደጃፍ ላይ ሲያወራ ቲቸር ብቅ ካሉ አለቀለት። በልጅነቱ ጠመኔ ይበላ ስለነበር "ሆድህን ተሻለህ ወይ የኔ ጌታ?" ብለው በሰው ፊት ይጠይቁታል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ደግሞ በቀን እንቅልፍ ሰዓት የጎረቤቷን ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ዛሬ መነጽር አድርጋ፣ ልጆች ወልዳ፣ ቲቸር መድኃኒት ሊገዙ በገቡ ቁጥር የባሏን ጆሮ ደህንነት ትጠየቃለች።

"ቲቸር" ስማቸው አይደለም። በትክክለኛ ስማቸው ግን ባላቸው እንኳ ሲጠሯቸው ተሰምተው አያውቁም። ባላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው የሳሎኑን መስኮት ተደግፋ ትውላለች። ቲቸር ከሥራ ሲመለሱ ቲቸርነታቸውን በሩ ላይ አያወልቁትም። ልብስ ሰፊው ለገበታ ሲቀርቡ እጃቸውን መታጠባቸው ይጣራል፤ ሾርባቸው እፍ ይባልላቸዋል፤ ቆሻሻ አውጥተው የደፉ ቀን ደግሞ እጃቸው ላይ በእስክሪብቶ ኮከብ ይሳልላቸዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው የሥራ ምልክት ነው ይሉታል። በልባቸው ግን ኮከቡን ይወዱታል፤ የቆሻሻ ቀን ሲደርስ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ይነሣሉ።

መዋዕለ ሕፃናቱ ድሮ የመኪና ጋራዥ ነበር። ሰፊው የብረት በር አሁንም አለ፤ ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት ከአንድ ክፍል ሕፃን ልቅሶ ይበልጣል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከጉልበት ከፍ የማይሉ ጠረጴዛዎች፣ ትልቅ ሰው ሲቀመጥባቸው ጉልበቱን ከአገጩ የሚያገናኙ ወንበሮች፣ አሸዋ የተሞላ አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ዝቅ ብለው የተመቱ የልብስ መስቀያዎች። ልጆቹ ፊደል ስለማያውቁ ከየመስቀያው በላይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ዓሣ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ ባልዲ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ቦርሳውን ይሰቅላል። ቲቸር ሰውን የሚያስታውሱትም በሥዕሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ጃንጥላ የሆነ ለእሳቸው ዕድሜ ልኩን ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ አሁን ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆም፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል የትራፊክ ፖሊስ ነው።

ነገሩ በተጀመረበት ጠዋት አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች። የልጁ ክንድ ላይ የጥርስ ምልክት እንደ እጅ ሰዓት ክብ ሆኖ ታትሟል። ነካሹ ሥዕሉ ሎሚ የሆነ፣ ገና ሦስት ዓመት የሞላው ድንቡሽቡሽ ነው። እናትየዋ ሎሚ ዛሬውኑ ካልተባረረ ልጄን አስወጣለሁ ብላ ደነፋች። ቲቸር ምንም ሳይሉ ትንሿ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ይህ የቆየ ዘዴያቸው ነው፤ ጉልበቱ አገጩ የደረሰበት ሰው ብዙ መቆጣት አይችልም። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለወላጅ ሲናገሩት የኖሩትን ተናገሩ።

"የኔ እመቤት፣ የሚነክስ ልጅ ክፉ አይደለም። ቃሉ ከጥርሱ የዘገየበት ነው። መኪናዬን መልስልኝ የሚልበት ቃል ሲያጣ ጥርሱን ይልካል። ቃሉን ስንሰጠው ጥርሱን ይሰበስባል። ልጅ ገና እየተሠራ ያለ ሰው ነው። እየተሠራ ያለ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ይፈረድበታል?"

እናትየዋ በመጨረሻ ሎሚን ስማው ሄደች። ቲቸር ያን ቀን በራሳቸው ረክተው ዋሉ። ምሳ ሰዓት ቤት ብቅ ብለውም የተናገሩትን ለልብስ ሰፊው ከነእጅ እንቅስቃሴው ደገሙላቸው።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው መጣች። አንድ ናት፤ ከእሷ በፊትም በኋላም የለም። ጠበቃ ናት። እንደ ቲቸር አነጋገር ከመራመዷ በፊት መከራከር የጀመረች፣ ጡት ሲያስጥሏት እንኳ ይግባኝ ያለች ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች የሚይዛት ሰው ስላልነበረ ያደገችው እናቷ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሥዕሏም ቢራቢሮ ነበር። ቲቸር ለልጃቸው አዳሉ እንዳይባል ከብረት በሩ ወደ ውስጥ "እማ" መባልን ከልክለው፣ እሷም እንደ ሌሎቹ "ቲቸር" ትላቸው ነበር። በዚህ ፍትሐዊነታቸው እስከ ዛሬ ይኮራሉ።

ልጅቷ ሻይዋን ስታማስል ስታማስል ቆየችና ላገባ ነው አለች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን ፔዳል አቆሙ። ቲቸር በደስታ ሊነሡ ነበር፤ ግን ቀድመው ማንን ብለው ጠየቁ።

"ታውቂዋለሽ" አለች ልጅቷ። "ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ያለው ጥርስ ሐኪም።"

ቲቸር ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ጠቆረ። "ባልዲ?"

"አዎ፣ ባልዲ።"

"ነካሹ ባልዲ?"

ባልዲ ያኔ የክፍሉ ዝምተኛ ነበር። እኩዮቹ ተረት ሲያወሩ እሱ ገና "ውሃ" ለማለት ይታገላል። በዚያው ዓመት ክፍሉ ውስጥ የንክሻ ወረርሽኝ ገባ። ዛሬ ጃንጥላ ትከሻው ላይ፣ ነገ ቁልፍ ጣቷ ላይ። ቲቸር በደረሱ ቁጥር ባልዲ ከተነከሰው ልጅ አጠገብ አፉን ከፍቶ ቆሞ ይገኛል፤ ሲጠይቁት ደግሞ አንዲት ቃል አይመልስም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ዓመቱን ሙሉ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የእሱ ርስት ሆነች። አድጎ ጥርስ ሐኪም ሆነ ሲባል የሰሙ ዕለት ቲቸር ጅብ ሥጋ ቤት ከፈተ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር። አሁን ሳቁ ጠፋ።

ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ነካሽ የምታገቢው አሉ። ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅ አልነበረም እንዴ፣ ለዚያች እናት ያልሻትን ዛሬ ምሳ ላይ ነግረሽኝ የለም እንዴ፣ እየተሠራ ያለ ቤት፣ ጣሪያ ምናምን ብለው አስታወሷቸው።

"እሱ ለወላጅ ነው" አሉ ቲቸር።

"አንቺስ ምንድን ነሽ?"

ቲቸር ለዚህ ጥያቄ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የሰው ልጅ ሲነክስ ቃል አጥቶ ነው፤ ልጄን የሚያገባው ሲነክስ ግን ጠባዩ ነው ብለው ወሰኑ። ደግሞም ዝም ብዬ አልተነሣሁም፣ በጊዜው የዓይን ምስክር ነበረኝ አሉ። ልብስ ሰፊው ምስክሩ ማን እንደሆነ ሊጠይቁ ሲሉ ልጅቷ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ጨርቅ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባች።

ስትመለስ እንደ ወትሮዋ ጎረቤት መብራት እስኪያጠፋ ድረስ አልተከራከረችም። ሰውየው ሌላ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ እንደተሰጠው ነገረቻቸው። ሙሉ ቀን በአውቶብስ የሚያስኬድ አገር ነው። "እሁድ ሊያነጋግርሽ ይመጣል" አለች። "ከተቀበልሽው እዚሁ ስለ መቅረት እንነጋገራለን። ካልተቀበልሽው ግን አብሬው እሄዳለሁ። እሱን አልተውም፣ እማ።"

ቲቸር ክው አሉ። አንዲት ልጃቸው በዓመት አንዴ ሻንጣ ይዛ ብቅ የምትል እንግዳ ልትሆን ነው። ግን እሳቸውም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነገር ናቸውና የወጣ ቃላቸውን ሊመልሱ አልቻሉም። ልጅቷ ጠበቃ ናት፣ ጠበቃን የሚመልሰው ማስረጃ ነው ብለው አሰቡ። ማስረጃው ደግሞ በሁለት እግሩ ቆሞ መንገድ መሀል ፊሽካ ይነፋል።

በማግስቱ ልጆቹን ለረዳታቸው ትተው ወደ መስቀለኛው መንገድ ወጡ። ጃንጥላ እንዳያቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። መኪናውን ሁሉ በአራቱም አቅጣጫ አስቁሞ እንዲሻገሩ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን መሀሉ ላይ ደርሰው ቆሙና ያኔ ትከሻህ ላይ የነከሰህ ማን ነበር ብለው ጠየቁት።

ጃንጥላ ሳያስበው ትከሻውን ያዝ አደረገ። የድሮ ነገር ነው ቲቸር፣ ተዉት ይቅር አለ። መኪኖቹ ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። ቲቸር ስም ካልጠራህ ከዚህ አልነቃነቅም አሉት። ሰውየው በላብ ተጠመቀ፤ ወደ ሰማይም ወደ ምድርም አየ።

"እኔ የማስታውሰው" አለ በመጨረሻ፣ "ወድቄ እርስዎ ያቀፉኝ ቀን መሆኑን ብቻ ነው።"

ይህን ብሎ ፊሽካውን ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋ። በአራቱም አቅጣጫ የቆመው መኪና ሁሉ አንድ ላይ ተንቀሳቀሰ። በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ ቀን ያለ መቆላለፍ ታይቶ አይታወቅም፤ ዳቦ የጫነች ጋሪ ከቀብር አስፈጻሚ መኪና ጋር ተያይዛ ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ቲቸር በመኪኖቹ መካከል እየተሹለከለኩ ሲሻገሩ ያስቡ የነበረው አንድ ነገር ነው። ይህን የሚያህል ወንድ፣ መንግሥት ፊሽካ የሰጠው ሰው፣ እስከ ዛሬ ባልዲን ይፈራል ማለት ነው።

ምስክር ቢያጡ ባልዲን ራሳቸው ሊመረምሩት ቆረጡ። ከድሮም የሚያስቸግራቸው የታችኛው መንጋጋ ስለነበረ ሰበብ አላጡም። የሕፃን ጠባይ መጫወቻውን ሲነጥቁት ይታወቃል፤ የሐኪምም ዕቃውን ሲነጥቁት አይታወቅም ወይ? በዚህ ሐሳብ ደረጃውን ወጡ።

ባልዲ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ እጁ ሰፊ ሰው ሆኗል። ቃል መቆጠቡ ግን እንደ ልጅነቱ ነው። ሥራውንም የመረጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ታካሚው አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ እሱ አፉን ዘግቶ ይሠራል፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም። ቲቸር ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ቲቸር… እንኳን… ደህና…"

"መጡ፣ አዎ መጣሁ። የት ነው የምቀመጠው?"

ተቀመጡ። ወንበሩ አልተመቸኝም ብለው ተነሡ። እንደገና ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ። ውሃው ሲመጣ ቀዝቃዛ ነው ብለው መለሱት። ባልዲ ጠበቀ። ከትሪው ላይ ትንሿን መስተዋት ሲያነሣ ቀምተውት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። ባልዲ መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ አወጣ። እሷንም ቀሙት። ሌላ አወጣ። ረዳቱ የሆነችው ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቲቸር ከልባቸው ተናደዱ፤ ሰው እንዴት እንዲህ አይቆጣም? ይህን ያህል ትዕግሥት የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው ብለው ጥርጣሬያቸውን አጠነከሩ።

በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱለትና ማደንዘዣውን ወጋቸው። ቆይቶ ምላሳቸውና ግማሽ ፊታቸው የሰው ዕቃ መሰላቸው። ባልዲ ጣቱን መንጋጋቸው ላይ አድርጎ እያየ ሳለ ድንገት ቆም አለ። ትንፋሽ ሳበ። በዚያ አጋጣሚ ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር የገባው ይመስል ነበር።

"ቲቸር… እሁድ… ከመምጣቴ በፊት… ልጅዎን… እኔ…"

ቲቸር እንደ ልማዳቸው ቀድመው ሊጨርሱለት ፈለጉ። አይሆንም ሊሉት ነበር። ምላሳቸውን ፈለጉት፤ የለም። ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሯል፣ አፋቸው ጥጥና ብረት ሞልቶታል፣ ሰውየው ደግሞ ሊቀጥል ነው። ሌላ የቀራቸው ነገር አልነበረም።

ነከሱት።

ረዳቷ ጮኸች፤ ትሪው ወለሉ ላይ ተበተነ። ባልዲ ጣቱን በዝግታ አወጣና ጓንቱን አወለቀ። ክብ ሆኖ የታተመውን ምልክት ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላብጦ አየው።

"የላይኞቹ… ደህና ናቸው" አለ።

ቲቸር ወንበሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። በሕይወታቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ለስንቱ ወላጅ ሲያስረዱት የኖሩት ነገር በገዛ አፋቸው ተፈጸመ፤ ቃል አጡ፣ ጥርሳቸውን ላኩ። ይቅርታ ሊጠይቁ ሞከሩ፣ የወጣው ግን ሕፃን አሸዋ ቅሞ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ተዉት። ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባለ። ቲቸር ባሉበት ክፍል ዝም ሲባል ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ዝምታውም የሚሞላው ሰው አጥቶ ረዘመ።

በዚያ መሀል ባልዲ ተናገረ። በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ሰው ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል።

"ቲቸር… እኔ… ያኔ… ማንንም… ነክሼ አላውቅም።"

ቲቸር ዓይናቸውን አፈጠጡበት። ማን ነው ታዲያ ለማለት ሞከሩ። ምኑም ምኑን አይመስልም ነበር፤ ግን ጥርስ ሐኪም የደነዘዘ አፍ ቋንቋ ያውቃል። ባልዲ ገባው። ገብቶትም ራሱን ነቀነቀ፣ እሱን እኔ አልናገርም አለ። ጥርሳቸውን በጊዜያዊ መሙያ ደፈነላቸውና ደረጃው እስኪያልቅ ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው።

ቲቸር አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሁሉ በጭንቅላታቸው ብቻ አለፉት፤ ሰፈሩም ቲቸር ታመዋል ተባባለ። እሳቸው ግን የዓይን ምስክራቸውን እያስታወሱ ነበር። በዚያ የንክሻ ዓመት በየጊዜው እየሮጠች የምትመጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትተርክ አንዲት ልጅ ነበረች። እኔ አይቻለሁ፣ ባልዲ ነው ትላለች። አተራረኳ ስለሚያምር ቲቸር አንድም ቀን ተጠራጥረዋት አያውቁም። ጃንጥላ መንገድ መሀል ያላቸውም አሁን ትርጉም መስጠት ጀመረ። እርስዎ ያቀፉኝ ቀን ነው ብሎ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ክር ትፈታለች። ምን ሆነሽ ነው እማ ብላ ተነሣች። ቲቸር መናገር ስላልቻሉ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነከስ አደረጉና ወደ ልጃቸው ጠቆሙ።

"ራበሽ እንዴ?" አሉ ልብስ ሰፊው።

ልጅቷ ግን ገባት። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያቺ ጡት ሲያስጥሏት ይግባኝ ያለች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር አመነች።

"እኔ ነኝ፣ እማ። ጃንጥላ ወድቆ አቀፍሽው፣ ነከስኩት። ቁልፍ አልቅሳ ጭንሽ ላይ አስቀመጥሻት፣ ነከስኳት። እኔ ቆሜ አይሽ ነበር። እማ ብዬ ስጠራሽ እዚህ ቲቸር ነው የምባለው ትይኛለሽ። ስንት ቃል አውቅ ነበር፤ አንዷን ብቻ ነው የከለከልሽኝ።"

ቲቸር ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። አዘኑ፤ እንዲህ ያለ ኀዘን ጠብቀው አያውቁም። የሰው ልጅ የጎደለውን ቃል ሲፈልጉ ኖረው፣ አፏ የማያርፍ የገዛ ልጃቸው ቃል ይጎድላታል ብለው አላሰቡም ነበር። ባልዲስ ምን አደረገሽ እንዳይሉ አፋቸው አልፈታ አለ፤ በዓይናቸው ጠየቋት።

ዝም የሚል ሰው ላይ ማላከክ ቀላል ነው አለች ልጅቷ። ዓይኗን በጨው አጥባ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳደረገች፣ ልጅ ብትሆንም ታውቀው እንደነበር ነገረቻቸው። "እሱ እኮ ሊነግርሽ ይሞክር ነበር" አለች። "አፉን ሲከፍት ጎበዝ፣ አመንክ ብለሽ ወንበሩ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ሳየው ይጨንቀኝና ዳቦዬን ይዤ አጠገቡ ሄጄ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአጠገቡ ተነሥቼ አላውቅም።"

ያንን ዳቦ ቲቸር ያስታውሱታል። ልጄ ለጥፋተኛ እንኳ ታዝናለች ብለው ለስንት ሰው ተናግረው ነበር። አሁን አለቀሱ። ግማሽ ፊታቸው ገና ስላልፈታ የሚያለቅሰው አንደኛው ወገን ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊውም የትኛውን ጉንጭ መጥረግ እንዳለባቸው ግራ ገባቸው። ነካሿን ይዘን ቁጭ ብለን ኖሯል ለሰው ልጅ አቃቂር የምናወጣው አሉ ጨርቅ እያቀበሏቸው። ልጅቷ እናቷ እግር ሥር መጥታ ተቀመጠች፤ "እማ" አለቻቸው።

እሁድ ባልዲ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። ቲቸር ቅዳሜን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጁ ውለዋል፤ መግቢያም መደምደሚያም ነበረው። ሰውየው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሁሉም ጠፋባቸው።

"ልጄ፣ በድዬሃለሁ" አሉት። "ሳልሰማህ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ።"

ባልዲ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሻዩ ቀረበ፣ በረደም። ልብስ ሰፊው ጭንቀቱን አልቻሉትም፣ ስለ አየሩ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ ቲቸር ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉባቸው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች፤ አፏን አትክፈት እንጂ መላ ሰውነቷ ይናገር ነበር። ቲቸር ራሳቸው የመጣላቸውን ቃል ሁሉ ይውጡ ነበር፤ ስንቱን ዋጡት። ጠበቁት።

"የዚያን ከተማ… ሥራ…" አለ ባልዲ። "አልፈልግም… ብያቸዋለሁ። እዚሁ… ነን።"

ልጅቷ ቀና አለች። እሷም አልሰማችም ነበር። ቲቸር መቼ ነው እንዲህ ያልካቸው ብለው ጠየቁት፤ ትላንት ነው ወይስ ዛሬ፣ ነገሩ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ መሆኑን እርግጠኛ ነበሩ። ባልዲ እንደገና ጊዜ ወሰደ።

"እምቢ… ያሏት ዕለት" አለ። "ያለችዎት… አንድ ናት። እንዴት… ይዤብዎ እሄዳለሁ?"

ቲቸር ተነሥተው ወንበራቸውን ጎተቱና ከእሱ ወንበር አጠገብ አድርገው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው የሚያደርጉት ቢጠፋቸው ፔዳላቸውን ባዶውን መርገጥ ጀመሩ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ጠርጋ ስለ ሠርጉ ቀን፣ ስለ አዳራሹና ስለሚጠሩት ሰዎች መናገር ጀመረች፤ እስኪመሽ ድረስ ያቋረጣት ሰው አልነበረም።